ሙታንን ከወረፋ የምታወጣ ሴት

ሲስተር አሪየት መሞቷን የሰማሁት በባጃጅ የባሮን ድልድይ እየተሻገርኩ ሳለ ነው። የደወለልኝ የሆስፒታላችን ጥበቃ ነበር። «አሪየት አርፋለች» ሲለኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ማን ገደላት?» የሚል ነው። ባጃጅ ነጂው ዞር ብሎ አየኝ። እንዲህ ብዬ በመጠየቄ አላፍርም። አሪየትን የሚያውቅ የጋምቤላ ሰው ሁሉ አንድ ቀን በዱላ ወይም በጥይት ትሄዳለች ብሎ ነበር የሚጠብቀው። ከወታደር ጋር ተናንቃለች፣ አለቃዋን በጥፊ መትታለች፣ ተኩስ መሃል በእግሯ ሄዳለች። ጥበቃው ግን «ማንም አልገደላትም። ጡቷን ታማ ኖሯል፤ ካንሰር ነው አሉ» አለኝ።

ማልቀስ ሲገባኝ ተናደድኩ። ስድስት ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ ስንሠራ አንድም ቀን አመመኝ ብላኝ አታውቅም። ደግሞ ይህች ሴት ዕድሜዋን የጨረሰችው በምን ሥራ ነው? የክልላችን የካንሰር ሕመምተኛ አዲስ አበባ ደርሶ የጨረር ሕክምና እስኪያገኝ የሚጠብቀውን ዘጠኝና አሥር ወር ወደ ሦስትና አራት ወር ያወረደች እሷ ናት። የሰውን ሁሉ ወረፋ ስታሳጥር ኖራ የራሷ ወረፋ እንዴት ሳይደርስ ቀረ? ይህ ጥያቄ እስከ ለቅሶ ቤቱ ድረስ አንገበገበኝ። መልሱን ያገኘሁትም እዚያው ለቅሶ ቤት ነው። ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ግን ሴትዮዋን ላስተዋውቃችሁ።

እኔ ከድር እባላለሁ፤ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። አባቴ ከወሎ መጥቶ እዚህ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው፤ እኔ ግን ተወልጄ ያደግሁት ባሮ ዳር ስለሆነ አኝዋክኛን እንደ አማርኛ እሰማለሁ። አሪየት የፑኝዶ አኝዋክ ናት። ረጅም ናት፣ ትከሻዋ ሰፊ ነው፣ መዳፏ የጀልባ ቀዛፊ መዳፍ ነው። አማርኛን የለመደችው ነርስነት ስትማር ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነበር የምትለው። ሰላምታ የሚባል ነገር አታውቅም። ሕመምተኛው ገና በሩን ሲያልፍ «ወረቀትህ ሙሉ ነው?» ትለዋለች። ካልሞላ ትጮኽበታለች። ከሞላ ደግሞ «ጎሽ» ብላ ጀርባውን ስትመታው ምስኪኑ ተንገዳግዶ ጠረጴዛዬን ይይዛል። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ትዘምር ነበር። ያንን ድምፅ የሰማ ሰው የሰኞዋ አሪየት እሷው ናት ቢሉት አያምንም።

ወረፋ ላይ የዘመተችው በአንድ ዓሣ አጥማጅ ምክንያት ነው። ሰውየው መንጋጋው ላይ ዕጢ ወጥቶበት አዲስ አበባ ተላከ። መጀመሪያ ሲሄድ የደም ምርመራ ጎድሎሃል ብለው መለሱት። ሁለተኛ ሲሄድ ከዕጢው የተቆረጠው ናሙና ውጤት አልደረሰም ተባለ። ሦስተኛ ሲሄድ ውጤቱ ደርሶ ቀጠሮው አልፏል ተብሎ እንደ አዲስ ከወረፋው ጭራ ተሰለፈ። ወደ ቤቱ ሲመለስ አውቶቡስ ውስጥ ሞተ። ሬሳውን ያወረዱት ሆስፒታላችን በር ላይ ነው። አሪየት የተሸፈነበትን ጨርቅ ገልጣ ፊቱን አየች፣ መልሳ ሸፈነችው። ከዚያ ካርድ ክፍል ገባችና የሪፈር ወረቀት የሚቀመጥበትን የብረት መደርደሪያ በሁለት እጇ ይዛ ገለበጠችው። እግሬን ለጥቂት ነው የሳተው።

«አንተ ከድር፣ ይሄን ሰውዬ የገደለው ካንሰር አይደለም። እዚህ ነው የሞተው» አለችኝ፣ የተበተነውን ወረቀት እየረገጠች።

አለቃችን ጩኸቱን ሰምቶ መጣና «አብደሻል እንዴ አንቺ ሴትዮ?» አላት። በጥፊ አጮለችው። መነጽሩ በሮ በሩ ላይ ተሰበረ። ለሁለት ወር ከሥራ ታገደች፤ እኔ በበኩሌ ተባርራ ባረፍን ብዬ ነበር።

በእገዳው ጊዜ ቤቷ የተቀመጠች መስሎን ነበር። እሷ ግን አዲስ አበባ ሄዳ፣ ጨረር የሚሰጥበት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ከሕመምተኞች ጋር እየተቀመጠች በየጠዋቱ ስም ሲጠራ ታዳምጥ ነበር። ማንም አላዘዛትም። ያየችውን ስትመለስ ነገረችኝ። ከሚጠሩት ውስጥ በየቀኑ አቤት የማይሉ አሉ። አንዱ ሞቷል፣ አንዱ መንገድ ተዘግቶበታል፣ አንዱ ተስፋ ቆርጦ አገሩ ገብቷል። እነሱ ሲጠሩ፣ ፋይላቸው ሲፈለግ ሰዓቱ ያልፋል። በቦታቸው ሊገባ የሚችለው ሕመምተኛ እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ እያለ ወረቀቱ ስላልሞላ አይገባም። «ወረፋውን የያዙት የሞቱ ሰዎች ናቸው» አለችኝ። «እነሱን ማውጣት አለብኝ።»

ከአንድ ከሚፈርስ ትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳ በባጃጅ ጭና መጣችና የካርድ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። የሕመምተኛው ስም፣ የቀጠሮው ቀን፣ የጎደለው ወረቀት በጠመኔ ይጻፍበታል። ሁሉም ሳይሞላ ማንም ከጋምቤላ ንቅንቅ አይልም። የተቆረጠውን ናሙና በጠርሙስ አሽጋ ለአውቶቡስ ሹፌር በእጁ ትሰጠዋለች፤ ሹፌሩ ማድረሱን ካልደወለ ሲመለስ መናኸሪያ ቆማ ትጠብቀዋለች። አዲስ አበባ ካለችው የቀጠሮ ጸሐፊ ጋር ደግሞ ተስማማች። የእኛ ሰው ሲሞት ወይም መሄድ ሲያቅተው አሪየት በዚያው ቀን ትደውላለች፣ ቦታው ከሰሌዳው ላይ ወረቀቱ ለሞላ ቀጣይ ሰው ይተላለፋል። ይኸው ነው። ስብሰባ አልተጠራበትም፣ ሪፖርት አልተጻፈበትም፣ ግን ሠራ።

ችግሩ ማን እንደሞተ ማወቁ ነበር። ሰው ሞቶበት ወደ ሆስፒታል መጥቶ ቀጠሮ የሚሰርዝ የለም። ስለዚህ አሪየት ለቅሶ መድረስ ጀመረች። ከበሮ ከሰማች፣ ዋይታ ከሰማች፣ ጫማዋን አጥብቃ ትወጣለች። ለቅሶ ቤት ገብቶ «ማን ሞተ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ተቀምጦ አልቅሶ፣ ከሰው አፍ የሚወጣውን ሰምቶ መመለስ ነው። የእሷ ለቅሶ የይምሰል አልነበረም፤ ዓይኗ አብጦ ነበር የምትመለሰው። ከዚያ ሰሌዳው ፊት ትቆምና ስሙን በመዳፏ ትጠርገዋለች፣ በዚያው ነጭ መዳፍ ስልኩን ታነሳለች። አንዳንድ ሰዎች እንደ ጥንብ አንሳ ሞት ታሸታለች ብለው ያሟት ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም አንድ ሁለቴ ብያለሁ።

ያ የተኩስ ሳምንት የመጣው ሰሌዳው ከተሰቀለ በሦስተኛው ዓመት ገደማ ነው። ማን ጀመረው የሚለውን እንደ ሰፈሩ የተለያየ ሰው የተለያየ ይነግራችኋል። እኔ የማውቀው አንድ ጠዋት ጥይት የካርድ ክፍሉን መስኮት ሰብሮ ገብቶ ግድግዳው ላይ መቀርቀሩን ነው። አሪየት በቀበቶዬ ጎትታ መሬት ላይ ጣለችኝና በላዬ ተኛች። መስታወቱ ፀጉሯ ውስጥ ገብቶ ደም በግንባሯ እየወረደ እኔ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። እኔ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ እያልኩ ነው። እሷ ጆሮዬ ላይ «ናሙናው ዛሬ መሄድ አለበት» አለችኝ።

ተኩሱ ጋብ ሲል እውነትም ጠርሙሱን በፌስታል አንጠልጥላ ወጣች። ሰደብኳት፤ አልሰማችኝም። መናኸሪያው መታጠፊያ ላይ አንድ ወታደር የመሣሪያውን ሰደፍ ደረቷ ላይ አስደግፎ «ምንድነው የያዝሽው?» ብሎ ያፋጥጣታል። ክዳኑን ከፍታ አፍንጫው ስር ያዘችለት። «የሰው ሥጋ ነው። ከዚህ ሌላ ፈንጂ የለኝም» አለችው። ወታደሩ አፉን ይዞ ወደ ቦዩ ዞረ። አውቶቡስ አልነበረም፤ ወደ መቱ የሚወጣ አይሱዙ አስቁማ ላከችው። መንገድ ላይ ሁለት ሬሳ ተሻግራ እንደተመለሰች የነገረችኝ ስለ እራት የምታወራ በሚመስል ድምፅ ነው።

ትልቁን ጥፋቷን ያጠፋችው በዚያው ሳምንት ነው። አቻን የምትባል ደረቅ ዓሣ ነጋዴ ነበረች፤ የማህፀን በር ካንሰር ታማ ሰሌዳው ላይ ከሰፈረች ወራት አልፈዋል። ወረቀቷ ሙሉ ነው፣ ቀኗ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። አሪየት ባለፈው ጊዜ ስታያት ደሟ አልቆም ብሎ ከአልጋ መነሳት አቅቷት ነበር። እና ያን ቀን ከአቻን ግቢ ዋይታ ተሰማ። አሪየት ሄደች። ሴቶቹ አፈር ላይ ይንከባለላሉ፤ የአቻን ባል ኦባንግ ፀጉሩን ተላጭቶ ግድግዳውን በግንባሩ ይመታል። አቻን የለችም። አሪየት ምንም አልጠየቀችም፤ ነውር ነዋ። አለቀሰች፣ ተመለሰች፣ ስሟን ጠረገች፣ ደወለች።

የሞተው የአቻን የመጀመሪያ ልጅ ኡሞድ ነበር። ከየት እንደተተኮሰ ያልታወቀ ጥይት አንገቱን መትቶት ደጃፉ ላይ ወደቀ። አቻን ራሷን ስታ ውስጥ ተኝታለች፣ በሕይወት አለች። ቦታዋ ግን ለቀጣይዋ ተላለፈ። ቀጣይዋ ኛቦል የምትባል የሁለት ልጆች እናት፣ ከኢታንግ የመጣች ኑዌር ናት። በዚያ ሰሞን አኝዋክና ኑዌር በአንድ መንገድ የማይተላለፉበት ጊዜ መሆኑን ልብ በሉ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አቻን በባሏ ትከሻ ተደግፋ ካርድ ክፍል ገባች። ልብሷ ንጹሕ ነው፣ የጉዞ ዕቃዋ በጨርቅ ተቋጥሯል። «ቀኔ ደርሷል» አለችኝ። ኦባንግ ማንበብ ይችላል። ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አየና እንደገና ከላይ ጀመረ። አሪየት የዚያን ጊዜ ገባችና አቻንን ስታይ በሩን ይዛ ቆመች። ማስተባበል ትችል ነበር፤ አዲስ አበባ ተሳስተዋል ማለት ትችል ነበር።

«አቻን፣ የሞትሽ መስሎኝ ሰረዝኩሽ» አለቻት በአኝዋክኛ።

«ቦታውስ?» አላት ኦባንግ።

«ለኛቦል ተሰጠ። ትናንት አዲስ አበባ ገብታለች።»

ስሙ የማን ወገን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልወሰደበትም። የያዘውን ከዘራ አንስቶ ፊቷን መታት። ከንፈሯ ተሰነጠቀ። ሁለተኛውን በክንዷ ስትከላከል አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ልገላግል ስነሳ «ተቀመጥ፣ ከድር» ብላ ጮኸችብኝ። ወደቀች፣ ወድቃም መታት። «ልጄን ገደሉት፣ አንቺ ደግሞ የእናቱን ነፍስ ለእነሱ ሰጠሽ! የማን ልጅ ነሽ አንቺ?» ይላል፣ ያለቅሳል፣ ይመታል። አሥር ወንድ የምትጥል ሴት አንድ ጊዜ እንኳ እጇን አላነሳችበትም። ያስቆመችው አቻን ናት። ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ቀስ ባለ ድምፅ፣ «በቃህ። ሌላውንም እጇን ከሰበርከው ማን ይደውልልኛል?» አለችው።

ከዘራው ከእጁ ወደቀ። አሪየት በግራ እጇ ግድግዳውን ይዛ ተነሳች። «ኛቦልን አስወጥተሽ የእኔን ሚስት አስገቢ» አላት ኦባንግ። ደሟን ዋጥ አድርጋ «የአንድ በሕይወት ያለ ሰው ቦታ ቀምቻለሁ። ሁለተኛ አልቀማም» አለችው። እኔ ቢሆን በዚያ ከዘራ ፊት የኛቦልን ስም አሥር ጊዜ እሰርዘው ነበር። ኦባንግ እንደገና ሊነሳ ሲል አቻን ቀድማ ተናገረች። «እሷን አትመልሺያት፤ እሷም እናት ናት። እኔ ግን ልሞትልሽ አልመጣሁም። ሌላ ቦታ ፈልጊልኝ።»

«እፈልጋለሁ» አለች አሪየት።

ክንዷ በጀሶ በታሰረ በማግስቱ አቻንን ይዛ አዲስ አበባ ሄደች። ሕመሙ እየገፋ ነው፤ ወር ከቆየ ጨረሩም አይጠቅምም ተብሏል። በየጠዋቱ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው አቤት የማይል ሰው ሲጠብቁ ሰነበቱ። በዘጠነኛው ቀን አሪየት ደወለችልኝና «ገባች» አለችኝ፣ ሌላ ቃል ሳትጨምር ዘጋችው። ስትመለስ በማን ቦታ እንደገባች ጠየቅኋት። «አንዲት ያልቀረበች ሴት ነበረች» አለችኝ። አቻን ከወራት በኋላ በእግሯ ገበያ ወጣች። ኛቦልም ዳነች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አሪየት የሟቹን ስም በግልጽ ሳትጠይቅ ማንንም አልሰረዘችም። «ነውር ነው» ሲሏት «ነውሩን እኔ እሸከማለሁ፤ ማን ነው የሞተው?» ትላለች። ሁለት ቦታ በድንጋይ አባርረዋታል። ከሳች፣ ታስላለች፤ እኔ ከድብደባው አላገገመችም እያልኩ ጠላቴን ኦባንግን እረግም ነበር። በመጨረሻ ፈቃድ ወስዳ እህቷ ቤት ተኛች፣ ጠያቂም አልፈልግም አለች።

ለቅሶው እህቷ ቤት ነበር፣ ወንዙ ዳር። እህቷን በጥያቄ አጥብቄ ያዝኳት። ከዚያ የተኩስ ሳምንት በፊት በነበረው ክረምት አሪየት «ፑኝዶ ዘመድ ልጠይቅ» ብላ የአንድ ወር ፈቃድ የወሰደችው ለካ አዲስ አበባ ጡቷን ልትቆረጥ ኖሯል። ጨረር እንዲከተል እዚያው ተመዝግባ ቀን ተቆርጦላት ነበር፤ ሰሌዳችን ላይ ስሟን አልጻፈችም፣ ለእኛም አልነገረችም። «ታዲያ ለምን አልገባችም?» አልኳት። «ቀኔ አለፈኝ አለችን። ሁለተኛ ስትመዘገብ ወደ ሳንባዋ ገብቶ ነበር» አለች እህቷ። ለማመን አቃተኝ። የአሪየት ቀን ያልፋል? የሌላውን ሁሉ ቀን በቃሏ የምታውቅ ሴት?

ይህን ስል ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል። አቻን ከሴቶቹ መሃል ተነስታ እጄን ይዛ ወደ ወንዙ ወሰደችኝ። ወፍራለች፣ ፊቷ ወዝቷል።

«በዘጠነኛው ቀን ነው» አለችኝ። «የሚጠራው ልጅ አዲስ ነበር፤ አያውቃትም። 'አሪየት ኡኬሎ' ብሎ ጠራ። የአባቷን ስም አውቃለሁ። ዞሬ አየኋት፣ እሷ ግን ግድግዳ ታያለች። ደግሞ ጠራ። ሦስተኛ ሲጠራ ተነሳችና 'የእኛ አገር ሰው ነበረች፤ ሞታለች። በእሷ ቦታ ይህችን አስገባ፣ ወረቀቷ ሙሉ ነው' አለችው። ልጁ እስክሪብቶውን አውጥቶ ሰረዛት።»

«አንቺስ?» አልኳት። ልመታት ፈልጌ ነበር፤ አልደብቅም።

«ሦስቴ ጠራ፣ ሦስቴም ሰማሁ። 'ይህችው አለች' ብል እሷን ያስገቧት ነበር። አፌን አልከፈትኩም። ልጄን ቀብሬም እንኳ መኖር ፈልጌ ነበር፣ ከድር።»

ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ጥፊዬን ጠበቀች።

«እኔም ዝም እል ነበር» አልኳት። እውነቴን ነው።